ስለ ወፍጮ ቤት ብናኝና ስለ ሳንባችን ጤና

(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ሰዎች እንዲደርስ እንዳለ ተጽፎ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ያላችሁ እባካችሁ አንብቡላቸው።)



  ዛሬ የምናገረው እንደ ወትሮው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ አይደለም። በየቀኑ ስለምንበላው፣ ነገር ግን ስንተነፍሰው ስለሚጎዳን ነገር ነው፤ ይኸውም የዱቄት ብናኝ ነው።

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። የተማርሁትም እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ግማሹ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹ ደግሞ የጤና ባለሙያዎችን ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁት ነው።

ቡሬ የእህል አገር ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ዳጉሳው፣ በርበሬው ሁሉ ከየገጠሩ ወደዚህ ይመጣል። ወፍጮ የማያስፈልገው ቤት የለም። አሁን ደግሞ በከተማችን ዳር የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ልጆቻችን እዚያ ለመቀጠር ይመኛሉ፣ መመኘታቸውም ጥሩ ነው። እንግዲህ እህል ባለበት ብናኝ አለ። ብናኝ ባለበት ደግሞ የሚተነፍሰው ሰው አለ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ሰው ነው።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጓደኛ አለኝ። «ስሜን ሳትጠራ ንገርላቸው» ስላለኝ ስሙን አልጠራም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ስወጣ እሱ እዚያው ቀረ፤ በጠቅላላው ሃያ ሁለት ዓመት ዱቄት ውስጥ ቆሟል። መጀመሪያ ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ነበረበት። እኛም «ዱቄቱ ገና አላወቀህም» እያልን እንስቅበት ነበር። ቀጥሎ ሳል መጣ። ሳሉ ማታ ማታ ይብስበታል፤ ደረቱም ሲተነፍስ ሲጥ ሲጥ ይላል። እሱ «ብርድ ነው» አለ። ሌላው «ምች ነው» አለና ዳማከሴ ታሸለት። ወተት ጠጣ፣ አረቄም ጠጣ። እኔ ራሴ አንድ ቀን ለበዓል የሚያስፈጭ ሰው ወረፋ ይዞ ሲጮህብን ጊዜ «ሳልህን ለማታ አቆየውና ጆንያውን አንሣ» ብዬዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሕክምናም ሦስት ጊዜ ሄዷል። ሦስቱንም ጊዜ የሳል ሽሮፕ ይዞ ተመለሰ። ማንም ሥራው ምን እንደሆነ አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ሲሄድ ደግሞ ታጥቦ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ነው፤ ዱቄቱ በላዩ ላይ አይታይም። በኋላ ለዘመድ ጉዳይ ባሕር ዳር ሄዶ ሳለ ሳሉ ስለበረታበት አንድ ሐኪም አየው። ሐኪሙ ሁለት ነገር ጠየቀው። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው። ቀጥሎም «እሑድና በበዓል ቀን ይሻልሃል ወይ?» አለው።

ጓደኛዬ ቆም ብሎ ሲያስብ፣ አዎን፣ ይሻለዋል። ለፋሲካ ወፍጮው ቆሞ ሲያርፍ ሳሉ ቀለል ይልለት ነበር። ሥራ በጀመረ በማግሥቱ ይመለስበታል። ሃያ ዓመት ሙሉ በራሱ ላይ ሲደርስ አይቶ አላስተዋለውም። ሐኪሙ ትንፋሹን በመሣሪያ ለክቶ፣ የሳንባ ነቀርሳ እንደሌለበትም አስመርምሮ «ይኸ ብርድ አይደለም፤ ከሥራህ የመጣ ነው» አለው። መድኃኒትም ሰጠው፤ ነገር ግን ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ይሻል እንደነበር አልደበቀውም። ዛሬ ጓደኛዬ ከቤቱ እስከ ገበያ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ቆሞ ያርፋል። ዕድሜው ከእኔ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ነው።

እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ መጣሁላችሁ። ከዛሬው ንግግሬ ሌላው ቢረሳ እነሱ እንዳይረሱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል የጣሊያን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሐኪም በሽተኛን ሲያይ ከሌላው ጥያቄ ጋር «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት ያለው እሱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ዳቦ ጋጋሪዎችና ስለ ወፍጮ ሠራተኞች፣ እህል ስለሚያበጥሩና ስለሚሰፍሩ ሰዎች ጽፏል። እንግዲህ ከ300 ዓመት በፊት የታወቀ ነገር በእኛ ሰፈር እስከ ዛሬ «ብርድ ነው» እየተባለ ይታለፋል ማለት ነው።

ብናኙ እንዴት እንደሚጎዳ ልንገራችሁ። በጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮ ቀዳዳ ገብታ ስትሰነጥቅ በጨረሩ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁላችሁም አይታችሁታል። ያ የሚታየው ነው። ወፈር ያለው ብናኝ በአፍንጫ ጸጉርና በአክታ ይያዛል፤ ስናስነጥስና ስንተፋ ይወጣል። የላመው ግን፣ ከራስ ጸጉር ውፍረት አሥር ጊዜ ያህል የሚያንሰው፣ ለብቻው ሲሆን በዓይን እንኳ አይታይም። እሱ ነው አፍንጫን አልፎ፣ ጉሮሮን አልፎ እስከ ሳንባ መጨረሻ የሚወርደው። ጆንያ የተሸከመ ሰው ደግሞ ቁጭ ካለ ሰው ይልቅ ብዙ አየር ይስባል፤ ብናኙንም በዚያው ልክ ይስባል።

«ዱቄት ምግብ ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አለ። እኔም እል ነበር። ነገር ግን የሆድ ምግብ ለሳንባ ምግብ አይደለም። የአንዳንድ ሰው ሰውነት የስንዴና የሌላውን እህል ብናኝ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ ብናኙ በገባ ቁጥር የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠባል፣ ሰውየው ሲጥ ሲጥ ይላል። ይኸ አስም ነው፤ በፈረንጅ አገር የዳቦ ጋጋሪዎች አስም ይሉታል። እንዲህ ያለ መቆጣት የሌለበትም ሰው ቢሆን ብዙ ዓመት ብናኝ ሲተነፍስ ከኖረ ሳሉና አክታው ሥር ይሰድበታል። ነቀዝ የበላው ወይም የሻገተ እህል ሲፈጭ ደግሞ ከዱቄቱ ጋር የነቀዙና የሻጋታው ብናኝ ይጨመራል። በርበሬ ሲፈጭ የሚሆነውንማ ለቡሬ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የድንጋይ ብናኝ የባሰ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲዶለዱም ይወቀራል። የሚወቅረው ሰው ፊቱን ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ነው የሚሠራው። በብዙ ድንጋይ ውስጥ፣ እንደ ዓይነቱ መጠኑ ይለያይ እንጂ፣ ሲሊካ የሚባል ነገር አለ። የሲሊካ ብናኝ በሳንባ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው አይድንም። ሲሊካ የገባበት ሳንባ ለሳንባ ነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ የሳንባ ካንሰርም እንደሚያመጣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋግጧል። ስለዚህ ይኸ ነገር ወፍጮ የሚወቅሩትን ብቻ ሳይሆን ኮብልስቶን የሚጠርቡትንና ድንጋይ መፍጫ የሚሠሩትን ልጆቻችንንም ይመለከታል። ሲሚንቶ የሚያራግፉትም ብናኙን ንቀው ማለፍ የለባቸውም።

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የእሑዱን፣ ከጥጥ ሠራተኞች ታሪክ በደንብ እንረዳዋለን። የጥጥ ብናኝ ቢሲኖሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። የሰኞ ሕመም የሚሉትም አሉ፤ ሠራተኛው እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ ደረቱ ስለሚጨነቅበት ነው። በአገራችን በአንድ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ጥጥ ከሚያፍታቱት መካከል 43.2 በመቶ፣ ከሚያባዝቱት መካከል ደግሞ 37.5 በመቶ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። በሌሎቹ ክፍሎች ግን ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው የቆሙበት ቦታ ነው። ይኸ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ በሽታው የሰውየው ድክመት ወይም ዕጣ አይደለም። ሁለተኛ፣ ብናኙ ከቀነሰ በሽታው ይቀንሳል።

አሁን ስለ ወተት ልናገር፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ያገኘ ሰው ይጠጣ። ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ብናኙ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። መንገዳቸው አይገናኝም። አረቄማ ጨርሶ አያጥብም። ወተት ጠጥቻለሁ ብሎ በብናኝ ውስጥ ያለ መከላከያ የሚውል ሰው ራሱን አታሏል። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ደግሞ ጉዳቱን በላዩ ላይ ይጨምራል።

ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ። የወፍጮ ሠራተኛ ሲስል «ሳንባ ይዞታል» ብለን የምንሸሸው አለን። ከብናኝ የመጣ ሳል ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሳንባ ነቀርሳ ግን ይተላለፋል። የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ በምርመራ ነው የሚታወቀው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ማንኛውም ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር። ነቀርሳ ቢገኝበት ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ ሳያቋርጥ ከወሰደው ይድናል። ነቀርሳ ካልሆነ ደግሞ በዚያ ረክቶ አይመለስ። «እኔ የወፍጮ ሠራተኛ ነኝ፣ ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባረፍሁ ጊዜ ይሻለኛል» ብሎ ይናገር። ሐኪሙ ባይጠይቅም እኛ እንናገር።

ወደ መፍትሔው ልምጣ። ይህን ጉዳይ ሳነሣ ባለ ወፍጮዎችን ለመክሰስ አይደለም። በሰፈራችን ያሉት ሁለት ወፍጮ ቤቶች ባይኖሩ እናቶቻችን እህል ተሸክመው የት እንደሚሄዱ እናውቃለን። ባለፈው ሳምንት አንደኛዋን ባለ ወፍጮ ቤታቸው ሄጄ አነጋግሬያቸው ነበር፤ ዛሬም እዚህ አሉ፣ እንድናገርም ፈቅደውልኛል። መጀመሪያ «ልጆቹን የምጎዳ መስሎህ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ቡና አፍልተው ካቀረቡ በኋላ ግን ዝም ብለው ቆዩና «ባለቤቴም እኮ እየሳለ ነው የሞተው» አሉኝ። ሟቹ ወፍጮውን ራሳቸው ያስፈጩ ነበር። ከምን እንደሞቱ ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም፤ አልተመረመሩም፣ የጠየቀም የለም። ብናኝ ባለቤትና ተቀጣሪ እንደማይለይ ግን ያን ቀን ሁለታችንም ገባን።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ፣ መከላከያም እንዲያቀርብ ያዛል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ከሥራ የመጣ በሽታ በሕግ ይታወቃል፤ ካሣም አለው። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚረዳው ማስረጃ ያለውን ሰው ነው። ጓደኛዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንዲት የውል ወረቀት አልነበረውም። መቼ እንደጀመረ የሚያውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።

ስለዚህ በወፍጮ ቤቶቻችን የሚከተለው እንዲደረግ የማኅበሩ ኮሚቴ ተነጋግሮበታል፤

1ኛ/ ዱቄቱ ከሚወርድበት አፍ ላይ እስከ ጆንያው ድረስ የሚደርስ የሸራ እጅጌ ይደረግ፤ የጆንያውም አፍ ከእጅጌው ጋር ይታሰር። ብናኙ አየር ላይ ሳይወጣ ማስቀረት ከሁሉ የተሻለው መከላከያ ነው።

2ኛ/ በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳ መስኮት ይከፈት፤ ከጣሪያ ሥርም ማስተንፈሻ ይተው። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ።

3ኛ/ ደረቅ ዱቄት በመጥረጊያ አይጠረግ፤ ጆንያም ቤት ውስጥ አይራገፍ። እኔ በዘመኔ ጆንያ በዱላ እየመታሁ አራግፍ ነበር፤ የዚያን ቀን ብናኝ የተነፈስነው ሁላችንም ነን። የፈሰሰው ዱቄት በዝግታ በአካፋ ይታፈስ፤ የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

4ኛ/ ድንጋይ ሲወቀር ከቤት ውጭ ይሁን፤ ድንጋዩም ውኃ እየተርከፈከፈበት ይወቀር። እርጥብ ድንጋይ ብዙ አይቦንም። ወቃሪው ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይቀመጥ።

5ኛ/ ሠራተኛው ጭምብል ያድርግ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ጭምብል ለምደን ነበር፤ ከባድ ነገር አይደለም። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ወፍራሙን እንጂ የላመውን ብናኝ አይዝም። ፊት ላይ በልክ የሚገጥም፣ ለብናኝ ተብሎ የተሠራው ማጣሪያ ጭምብል ነው የሚሻለው። ሲቆሽሽም ይቀየር።

6ኛ/ አስፈጪ ሰው ወረፋውን ከውጭ ይጠብቅ። በተለይ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ወደ ውስጥ አይግቡ። እህሉንም ቤታችን አበጥረንና አንፍሰን እናምጣ፤ አፈሩና እብቁ ለወፍጮ ሠራተኛው አይትረፍ።

7ኛ/ በርበሬ የሚፈጭበት ቀን ተለይቶ ይወሰን።

8ኛ/ ሠራተኛው ማታ ከመሄዱ በፊት ታጥቦና ልብስ ቀይሮ ወደ ልጆቹ ይግባ። ዱቄት የጠጣ ጋቢ ልጆች ባሉበት ቤት አይራገፍ።

ከገጠር ለመጣችሁ ዘመዶቻችንም አንድ ቃል ልጨምር። እህል በመውቂያ መኪና ስታስወቁ፣ በአውድማም ስታዘሩ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ። የሻገተ ድርቆሽና ገለባ በተዘጋ ቤት ውስጥ አታገላብጡ፤ እሱም የራሱ የሆነ የሳንባ ቁጣ ያመጣል።

አሁን የማኅበሩን ድርሻ ልናገርና ልጨርስ። ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ።

የመጀመሪያው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሸራውን እጅጌና የመስኮቱን ወጪ ባለ ወፍጮዎቹ ግማሹን ሊችሉ ተስማምተዋል። መከላከያ ማቅረብ በሕግ የእነሱ ግዴታ ስለሆነ ጭምብሉን ሙሉ በሙሉ እነሱ ይገዛሉ። የቀረውን ግማሽ ማኅበሩ ያግዝ ዘንድ ገንዘብ ያዣችን በሚቀጥለው ስብሰባ ዋጋውን ጠይቀው ያቀርባሉ። የምንበላውን ዱቄት የሚያወጡልን ልጆች ናቸውና አይክበዳችሁ።

ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የማውቀው መጻፍ ነው። አንድ መዝገብ ከፍቻለሁ። በሰፈራችን በወፍጮ፣ በድንጋይ፣ በሲሚንቶ፣ በጥጥ ሥራ ላይ ያለ ወይም የነበረ ሁሉ ይምጣና የት እንደሠራ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ሳል ካለበትም መቼ እንደጀመረው ያስጽፍ። መዝገቡ እኔ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም አይታይም። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ወይም መብቱን ሲጠይቅ ግልባጩን ጽፌ፣ የማኅበሩን ማኅተም አድርጌ እሰጠዋለሁ። «ሥራዬን ያሳጣኛል» ብላችሁ የምትፈሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ዝም ብዬ የሠራሁ ነኝ። ዝምታው ግን ጓደኛዬን አልጠቀመውም።

መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው መስመር ተሞልቷል። ጓደኛዬ ትናንት መጥቶ አስጽፏል። ሁለተኛው መስመር የእኔ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ የሚስል ጎረቤት ስታዩ «ይማርህ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁት። እሑድ ይሻለው እንደሆነም ጠይቁት። ይሻለኛል ካለ፣ እጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

 

የማኅበሩ ጸሐፊ
ቡሬ